ልጄ «የኒውክሌር እገዳው ይነሳ» ብላ ፊርማ እያሰባሰበች ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሰንሻይኗ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሜልበርን ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከአዳር ሥራ ስገባ ትልቋ ልጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ፊቷ የመብራት ቢላችን፣ ስልኳና በእርሳስ የተሞነጫጨረ ደብተር አለ። «እማ፣ እዚህ አገር በኒውክሌር መብራት ማመንጨት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ኖሬ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩን የጀመረው ዊል ሻክል የሚባል የብሪዝበን ልጅ ነው። ሲጀምር 16 ዓመቱ ነበር፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። ራሱ ድምፅ መስጠት አይችልም፣ ግን ኢንተርኔት ላይ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈረመለት። ቆይቶ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አስረዳ። ልጄ ንግግሩን ሦስቴ አይታዋለች።

እኔም ዝም አላልኩም፣ ቁጭ ብዬ ሕጉን አነበብኩ። በፈረንጆቹ 1998 የወጣ የጨረር መከላከያ ሕግ አለ። እዚያ ውስጥ አራት ነገር ተከልክሏል፦ የኒውክሌር ማመንጫ፣ የነዳጁ ማምረቻ፣ የዩራኒየም ማበልጸጊያ እና ያገለገለ ነዳጅ መልሶ ማዘጋጃ። በ1999 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ሕጉ ያንኑ ደገመው። የኛዋ ቪክቶሪያ ከዚያም ቀድማ በ1983 የራሷን እገዳ አውጥታለች። በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ዩራኒየሙ እዚሁ አገር ይቆፈራል። በዓለም ትልቁ ክምችት ያለው አውስትራሊያ ውስጥ ነው። አውጥቶ መሸጥ ይቻላል፣ እዚህ መብራት ማብራት ግን አይቻልም። ልጄን ያናደዳትም ይኼ ነው።

አሁን ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ተማሪዎቹን ላስፈርም ብላ ወረቀት ይዛ ሄደች። አንዳንድ ታላላቆች ተቆጧት። «ኒውክሌር ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አርፈሽ ተማሪ» አሏት። እያለቀሰች መጣች። እኔም ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ኒውክሌር ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ቦምብ ነው። ላበረታታት ወይስ ተይ ልበላት? የምታውቁ ሰዎች ንገሩኝ።

የሲድኒው ባለሙያ
እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅሽን ከልብ አመስግኚልኝ። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው።

«ኒውክሌር አውስትራሊያ ገብቶ አያውቅም» ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ሲድኒ ዳር ሉካስ ሃይትስ የሚባል ቦታ ከ1958 ጀምሮ ሪአክተር፣ ማለትም የኒውክሌር ማብለያ፣ አለ። የድሮው በ2007 ተዘጋ፣ አዲሱ ኦፓል የሚባለው ተተካ። ኃይሉ 20 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። መብራት አያመነጭም፣ ለምርምርና ለመድኃኒት ነው የተሠራው።

የአጥንት ወይም የልብ ስካን ተነስተሽ ከሆነ መርፌው ውስጥ የነበረው ብዙውን ጊዜ ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው። በስድስት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። የሚገኝበት ሞሊብደነም ራሱ በ66 ሰዓት ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ ማከማቸት አይቻልም፣ በየሳምንቱ አዲስ መምጣት አለበት። እኛ ጋ ጠዋት በእርሳስ በተሸፈነች ከባድ ዕቃ ይደርሰናል። መጠኗ ከቡና ጀበና ብዙ አትበልጥም፣ ስታነሺያት ግን ክንድሽን ትጎትታለች። ከሷ እየቀዳን በሽተኛውን እንወጋለን። ይኼን ሥራ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ደረቴ ላይ የጨረር መለኪያ አደርጋለሁ፣ ውጤቱ በየጊዜው ይመጣልኛል፣ አስደንግጦኝ አያውቅም።

ሌላም ነገር ልንገርሽ፣ የ1998ቱ ሕግ የመጣው በዚሁ ሪአክተር ምክንያት ነው። መንግሥት አዲሱን ለመሥራት ሕጉ እንዲያልፍለት ፈለገ። ሴኔት ውስጥ የትናንሾቹን ፓርቲዎች ድምፅ ይፈልግ ነበር። እነሱ ደግሞ የማመንጫ እገዳውን አስገቡ። እገዳው የመጣው በድርድር ነው እንጂ ስለ መብራት ሰፊ ክርክር ተደርጎበት አይደለም። ያን ጊዜ ዊል ሻክል አልተወለደም። ወጣቶቹ «እኛ ባልነበርንበት የተወሰነውን እንደገና እንየው» ቢሉ ምኑ ነው ጥፋቱ?

የኪየቭ ተማሪ
ልጄ፣ እኔ በዕድሜ ከአብዛኞቻችሁ እበልጣለሁ። በ1986 ኪየቭ ተማሪ ነበርኩ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበርን። ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አላወራም፣ ዛሬ ግን ልናገር።

ቼርኖቤል የፈነዳው ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ኤፕሪል 26። ከኪየቭ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቅዳሜ ምንም አልሰማንም። እሑድም ምንም። እሑድ ዕለት ፕሪፕያት የምትባለውን የሠራተኞች ከተማ በአውቶቡስ ባዶ ሲያደርጓት እኛ ዶርም ልብስ እያጠብን ነበር። ሰኞ ማታ በቴሌቪዥን ጥቂት ዓረፍተ ነገር ተነበበ። አደጋ ደርሷል፣ እርምጃ እየተወሰደ ነው፣ አለቀ። እሱም ቢሆን ስዊድኖቹ አየራቸው ላይ ጨረር አግኝተው ዓለም ከጠየቀ በኋላ ነው።

ከዚያ ሜይ 1 መጣ። ንፋሱ ወደ ኪየቭ ዞሮ ነበር። የወዛደሩ ቀን ሰልፍ ግን አልቀረም። ክሬሽቻቲክ ጎዳና ላይ ሕፃናት አበባ ይዘው ሲያልፉ አይቻለሁ። እኛንም ውጡ አሉን፣ ወጣን። ፀሐይ ነበር፣ ደስ የሚል ቀን። ከጥቂት ቀን በኋላ የውሃ መኪና ጠዋትና ማታ አስፋልቱን ማጠብ ጀመረ። መስኮት ዝጉ፣ ጫማችሁን ደጅ አውልቁ ተባልን። የሩስኪ ቋንቋ አስተማሪያችን ሁለት ልጆቿን ይዛ ባቡር ጣቢያ ስትሮጥ ያየኋት ፊቷ እስካሁን አይጠፋኝም።

ስለዚህ እነዚያ ቤተ ክርስቲያን የተቆጡትን ሰዎች አትቀየሚያቸው። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እኔ ልፈርም ብትዪኝ እጄ ይከብደኛል።

የጣራው ሰው
ከፐርዝ ነኝ፣ ኤሌክትሪሺያን። ሥራዬ ጣራ ላይ ሶላር መግጠም ነው፣ ጥቅሜን ደብቄ አልናገርም።

እኔ ጨረሩን አልፈራም። የምከራከረው በብርና በጊዜ ነው። የአገሪቱ የሳይንስ ተቋም ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. በ2024 አስልቶታል። አንድ 1,000 ሜጋ ዋት ማመንጫ ቢያንስ 8.5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር፣ የመጀመሪያው ደግሞ ከዚያ በጣም ሊበልጥ ይችላል። ዛሬ ቢጀመር እንኳ ከ2040 በፊት አይደርስም ብሏል። እናንተ ጋ ቪክቶሪያ ያለው ያሎርን የከሰል ጣቢያ ግን በ2028 ይዘጋል ተብሏል። በመሃል ያለውን ዓመት በምን እናብራ?

አሜሪካኖቹን እዩ። ጆርጂያ ውስጥ ቮግል የተባሉት ሁለት አዲስ ማብለያዎች በዓመታት ዘግይተው በ2023 እና በ2024 ሥራ ጀመሩ። ወጪው ከ30 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆነ። እነሱ እኮ ስድሳ ዓመት ልምድ ያላቸው ናቸው። እኛ አንድም ሠርተን አናውቅም።

እዚህ ግን ከአራት ሚሊዮን በላይ ጣራ ላይ ሶላር አለ። በቀን ከፐርዝ ሰማይ በታች መብራት ይትረፈረፋል። ከጁላይ 2025 ወዲህ መንግሥት ለቤት ባትሪ ሠላሳ በመቶ ገደማ እየደገፈ ስለሆነ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ጉልበቷን ግን የሚሆን ነገር ላይ ብታውለው እላለሁ።

አቡዳቢ ነኝ
ወንድሜ ከፐርዝ፣ አክብሬህ ነው የምናገረው፣ አንድ ምሳሌ ብቻ አይበቃም። እኔ ኤምሬትስ ውስጥ ሰው ቤት እሠራለሁ። የአሠሪዬ ልጅ ኢንጂነር ነው፣ ስለ ባራካ የነገረኝ እሱ ነው።

ባራካ ከሩወይስ አለፍ ብሎ ባሕሩ ዳር ነው። የሠሩት ኮሪያዎች ናቸው። በ2012 ተጀመረ፣ የመጀመሪያው ክፍል በ2021 መብራት መሸጥ ጀመረ፣ አራተኛው በ2024። አሁን የአገሩን መብራት ሩብ ያህል የሚያወጣው እሱ ነው። እዚህ አገርም ከዚያ በፊት አንድም ማብለያ አልነበረም። ዘግይቷል፣ ግን ተሠርቷል።

ለኛ ሰው በሚገባ ላወዳድረው። ባራካ 5,600 ሜጋ ዋት ነው፣ ሕዳሴ ግድባችን 5,150። ሲታዩ እኩያ ይመስላሉ። ግን ውሃ በወቅቱ ነው፣ ባራካ ክረምት ከበጋ አይልም። በዓመት ሲሰላ ባራካ ወደ 40 ቴራ ዋት ሰዓት፣ ሕዳሴ ደግሞ ወደ 16 የሚጠጋ ነው። ኦገስት ላይ ሙቀቱ ሃምሳ ሊደርስ ምንም ሲቀረው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ኤሲው ሳይጠፋ ልጆቹን የማስተኛው በዚህ መብራት ነው። ሌሊት ፀሐይ የለም።

አደላይድ
ሁላችሁም ስለ ማመንጫ ታወራላችሁ። እኔ ሳውዝ አውስትራሊያ ነው ያለሁት፣ እዚህ ኒውክሌር ሲባል ሰው የሚያስበው ማራሊንጋን ነው። ልጅሽ ፊርማ ይዛ ከመዞሯ በፊት ይኼን ብታውቅ ጥሩ ነው።

እንግሊዞች ከ1952 እስከ 1957 አውስትራሊያ ምድር ላይ 12 የአቶሚክ ቦምብ ሞክረዋል። ሰባቱ ማራሊንጋ ላይ። ከዚያ በኋላም እስከ 1963 ትንንሽ የሚሏቸው ሙከራዎች ቀጥለው ፕሉቶኒየም ሜዳው ላይ በተኑት። መሬቱ የነባሩ የአናንጉ ሕዝብ ነው። ሰዎቹን ከቀያቸው አስነሥተዋቸዋል፣ ያልሰሙም ነበሩ፣ ማስጠንቀቂያው በማያነቡት በእንግሊዝኛ ተጽፎ። ያሚ ሌስተር የሚባሉ አባት ልጅ ሆነው ጥቁር ጭጋግ መጥቶ ሰፈራቸውን እንደሸፈነው ሲመሰክሩ ኖረው ነው ያረፉት። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር።

ቦምብና ማመንጫ አንድ አይደሉም፣ አውቃለሁ። ግን ቆሻሻውስ? በቅርቡ እንኳ ኪምባ የምትባል ከተማ አጠገብ የጨረር ቆሻሻ ማከማቻ ሊሠሩ ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ባርንጋርላ ሳንጠየቅ ብሎ ከሰሰ፣ በ2023 ፍርድ ቤት ረታ፣ መንግሥትም ተወው። ከሆስፒታልና ከምርምር የሚወጣውን እንኳ የት እንደሚያስቀምጥ ገና ያልወሰነ አገር ነው። ወጣቶቹ መጀመሪያ ለአናንጉ ሽማግሌዎች መልስ ይስጡ።

የብሪዝበን ተማሪ
ሰላም፣ እኔ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ፈርሜያለሁ። የሰንሻይኗ እናት፣ ልጅሽ ብቻዋን እንዳልሆነች ንገሪልኝ።

እኛን የጎዳን ነገር ምን መሰለሽ? ፖለቲካው ነው። ጁን 19፣ 2024 ተቃዋሚው መሪ ፒተር ደተን ተነሥቶ ሰባት ቦታ ላይ ማመንጫ እሠራለሁ አለ። የከሰል ጣቢያ ያለበት ወይም የነበረበት ቦታ ሁሉ፦ ሎይ ያንግ፣ ሊዴል፣ ካላይድ፣ ታሮንግ እያለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኒውክሌር ያለ ሰው ሁሉ የደተን ደጋፊ ተባለ። ክላስ ውስጥ አፌን ስከፍት «አንቺ የነሱ ነሽ?» ይሉኛል። ሜይ 2025 ምርጫውን ተሸነፈ፣ የራሱን ወንበር ጭምር አጣ። ሰው ሁሉ «ጥያቄው ተመለሰ» አለ።

አልተመለሰም። እኔ ድምፄን ለሱ አልሰጠሁም። መገንባት እና እገዳውን ማንሳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፐርዙ ጋሼ ያሉት የዋጋ ክርክር ትክክል ሊሆን ይችላል። ውድ ከሆነ ማንም አይሠራውም፣ በቃ። ውድ የሆነ ነገር ሁሉ በሕግ ይከለከላል እንዴ? ሕጉ እኮ ኩባንያ ጥናት ይዞ መጥቶ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ፊት እንዲከራከር እንኳ አይፈቅድም። ባሕር ሰርጓጅ መርከቡን እዩ። በ2021 ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር ተስማምተው በኒውክሌር የሚንቀሳቀስ ሊገዙ ነው። እገዳው እንዳያደናቅፈው በ2023 ሕጉን አስተካከሉ። ለጦር መርከብ ሲሆን ተስተካከለ፣ ለቤት መብራት ሲሆን ለምን አይነካም?

ዴንማርክም በ1985 ፓርላማዋ ኒውክሌርን ከእቅድ አውጥቶ ነበር። አርባ ዓመት ቆይተው በ2025 አዲሶቹን ትንንሽ ማብለያዎች እናጥና አሉ። እንሥራ አላሉም፣ እናጥና ነው ያሉት። እኛም የምንጠይቀው ይችኑ ነው።

የአደላይዱን ግን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። የማራሊንጋን ታሪክ በስም ነበር የማውቀው። ጥቁር ጭጋጉን አላውቅም ነበር። እዚህ ላይ መልስ የለኝም፣ እውነት ነው የምለው።

የጣራው ሰው
የኔ ልጅ፣ ማንሳትና መገንባት ይለያያል ያልሽው ገብቶኛል። እንደዚያ አላየሁትም ነበር። የኔ ፍራቻ «ኒውክሌር ይመጣል» እየተባለ ከሰሉ ዕድሜው እንዲራዘም ነው። ያንን ፖለቲከኛ ይጠቀምበታል። እናንተ «ሶላርና ንፋሱ ይቁም አንልም» ብላችሁ ፊርማው ላይ በግልጽ ብትጽፉ ግማሽ ተቃውሞዬ ይቀንሳል።

መርካቶ
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። አገር ቤት ነኝ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ እገዳ የለም፣ በተቃራኒው ሴፕቴምበር 2025 ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር ማመንጫ ለመሥራት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። ሕዳሴ ከተመረቀ ሳምንት ሁለት ሳምንት አልፎት ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ሌላ ነው። እዚያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሴኔት ፊት ቆሞ ይናገራል። እኛ ጋ የሚሠራ ከሆነ የት ነው፣ ቆሻሻውስ፣ ብሎ የሚጠይቅ የሰፈር ልጅ ማን ነው? እንዲህ ያለ ክርክር ተጀምሮ ባየሁ።

የኪየቭ ተማሪ
ልጄ መርካቶ፣ የኔም ነገር እዚያው ላይ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ አደርኩ።

ያ የቼርኖቤል ማብለያ የራሱ ጉድለት ነበረው። ሌሎቹ አገሮች እንደሚያደርጉት ዙሪያውን የሚይዝ የኮንክሪት ሽፋን አልነበረውም። ያን መሐንዲሶቹ ይናገሩ። እኔን የጎዳኝ ግን ዝምታው ነው። አምስት ቀን ሙሉ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፣ እኛ ሰልፍ ወጣን። የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፣ ቢጠይቅም የሚመልስለት አልነበረም።

አሁን ደግሞ የምታስፈርመውን ልጅ «አርፈሽ ተማሪ» ብንላት ያንኑ ዝምታ እኛ ራሳችን እያስተማርናት ነው። እኔ አሁንም አልፈርምም። ግን እናቷ ፈቃደኛ ከሆነች ልጅቷ ትደውልልኝ። ያየሁትን ልንገራት። ሰምታ አሁንም ይነሳ ካለች ቅር አይለኝም።

የሲድኒው ባለሙያ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አደላይድ፣ ላንተም አንድ ነገር ልጨምር። በሉካስ ሃይትስ ያገለገለው ነዳጅ ፈረንሳይና እንግሊዝ ሄዶ ታክሞ ቆሻሻው በ2015 እና በ2022 ተመልሶ መጥቷል። ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ ሆኖ እዚያው ግቢ ተቀምጧል። ጊዜያዊ ነው ይባላል። ዘላቂ ቦታ የለውም ያልከው እውነት ነው። እገዳው ቢነሳም ባይነሳም ይኼ ሥራ ይጠብቀናል። ዩራኒየም ስንሸጥ፣ በሽተኛ ስንወጋ ቆሻሻው የኛ ነው።

የሰንሻይኗ እናት
ሁላችሁንም አንብቤ ለልጄም አነበብኩላት። አማርኛው ሲከብዳት እያቆምኩ ተረጎምኩላት። ጭጋጉ ጋ ስደርስ «ቆይ እማ» ብላ ስልኳን አስቀመጠች። ከዚያ ማታውን ሁሉ ስለ ማራሊንጋ ስታነብ አመሸች።

ትናንት ወረቀቱን ቀይራዋለች። ላይኛው ላይ «እገዳው ይነሳ፣ ውይይቱ ይከፈት» ይላል። ከሥሩ ሁለት መስመር ጨምራለች። አንደኛው ሶላርና ንፋስ እንዲቆም አንጠይቅም የሚል ነው። ሁለተኛው ማንኛውም ቦታ ላይ ከመወሰኑ በፊት የመሬቱ ባለቤቶች እሺ ማለት አለባቸው የሚል። ከሰንበት ተማሪዎቹ ስድስት ፈርመዋል፣ ሁለቱ አንፈርምም ብለው ቁጭ ብለው ሲከራከሯት አየሁ። አንዱ የተቆጣት ሰውዬ ራሱ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ሲሰማ ነበር። እኔ ገና አልፈረምኩም። ላበረታታት ወይስ ተይ ልበላት ያልኩት ጥያቄ ግን አልቋል፣ ሻይ እያፈላሁላት ነው።

ጋሼ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልትደውልልዎት ነው። ጥያቄዎቿን ደብተሯ ላይ እየጻፈች ነው፣ አሥራ አራት ደርሰዋል። የመጀመሪያውን አይቼዋለሁ፦ «ሜይ 1 ቀን፣ ሰልፉ ላይ ውጡ ያላችሁ ሰው ያውቅ ነበር?»

የኪየቭ ተማሪ
ትደውል። እጠብቃታለሁ።